ዊንዶውስ ኤክስፒ አዲሱ ኮምፒውተር ላይ እምቢ ያለው በእኔ ስንፍና አይደለም፦ ለመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኃላፊ፣

ሰላምታዬን አጭር ላድርገው። ረጅሙን በሦስቱ ማስታወሻዎቼ ላይ ጽፌዋለሁ። ሦስቱም ቢሮዎ ገብተዋል፣ ሦስቱም የገቢ ማህተም አርፎባቸዋል፣ አንዱም መልስ አላገኘም። ጆሮ ዳባ ልበስ። ከዚያ ባለፈው ሳምንት ሳልጠብቀው ደብዳቤ ደረሰኝ፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ ግልባጩ ለግል ማህደሬ። ስለዚህ ከእንግዲህ በርዎ ላይ ቆሜ ከምውል ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ ብጽፍልዎ ይሻላል።

ማስጠንቀቂያው ሁለት ጥፋት ይዘረዝራል። አንደኛ፣ «ነባሩን ሲስተም አዲስ በተገዙት ኮምፒውተሮች ላይ እንዲጭን ታዝዞ ባለመጫኑ»። ሁለተኛ፣ «ያልተፈቀደ ሶፍትዌር ተጠቅሞ ነባሩን ሲስተም በአዲሱ ኮምፒውተር ላይ በማስነሳቱ»። እባክዎ አንዴ ቀስ ብለው ያንብቡት። አልሠራህም ተብዬ ተከሰስኩ፣ ሁለት መስመር ዝቅ ሲል ደግሞ ሠራህ ተብዬ ተከሰስኩ። በአንድ ወረቀት፣ በአንድ ፊርማ። ፊርማው የእርስዎ ነው።

ነገሩን እርስዎ ያውቁታል። ለሌላው አንባቢ ስል ግን ከሥሩ ልጀምር። የምዝገባ ፕሮግራማችን የተሠራው በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን ነው፤ ማስጠንቀቂያው «ነባሩ ሲስተም» የሚለው ይህንኑ አሮጌ የማይክሮሶፍት ማስኬጃ ሲስተም ነው። የሠራው ድርጅት ከተዘጋ ቆይቷል፣ ሶርስ ኮዱ፣ ማለትም ፕሮግራሙ የተጻፈበት ዋናው ጽሑፍ፣ ማን እጅ እንዳለ የሚያውቅ የለም። ከኤክስፒ ውጪ አልነሳም ይላል። ኤክስፒ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው፣ ማይክሮሶፍት ድጋፉን ያቆመው ደግሞ በኤፕሪል 2014። እኛ ግን ዛሬም ባለጉዳይ የምናስተናግደው በሱ ነው። ኮምፒውተሮቹም የዚያው ዘመን ናቸው። አንዱን ስከፍተው ዋናው ሰሌዳ ላይ ያሉት ካፓሲተሮች፣ ኤሌክትሪክ የሚይዙት ትንንሽ ጣሳ መሰል ዕቃዎች፣ አናታቸው አብጦ፣ አንዷ ቡናማ ነገር ተፍታ አገኘኋት። በራሴ መበየጃ ቀየርኳቸው። ሌላውን ከሞተ ኮምፒውተር ላይ ፓወር ሰፕላይ ነቅዬ አስነሳሁት። እንዲህ እንዲህ እያልን ከረምን።

ከዚያ 40 አዳዲስ ኮምፒውተሮች መጡ። ደስ ይላል። ግን ግዥ ክፍሉ ከማዘዙ በፊት አንድ ጥያቄ ቢጠይቀኝ ምን ነበረበት? «እነዚህ ላይ ፕሮግራማችን ይነሳል ወይ?» አምስት ቃል ናት።

ትዕዛዙ የደረሰኝ ዓርብ ከሰዓት ነው። ሰኞ ጠዋት ሁሉም ሥራ ይጀምሩ ተባለ። ቅዳሜና እሑድን እዚያው አደርኩ።

የኤክስፒውን ሲዲ ይዤ ሄድኩ፣ አዲሶቹ ኮምፒውተሮች ሲዲ ማስገቢያ የላቸውም። እሺ ብዬ ፍላሽ ላይ አዘጋጀሁት። ኮምፒውተሩ ፍላሹን ከቁብም አልቆጠረው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ እነዚህ ማሽኖች የሚነሱት ዩኢኤፍአይ በሚባለው አዲሱ የማስነሻ አሠራር ብቻ ነው፣ ኤክስፒ ደግሞ የሚያውቀው አሮጌውን የማስነሻ አሠራር፣ ባዮስን ነው። ሁለቱን የሚያስታርቅ ሲኤስኤም የሚባል ነገር ነበር፣ አዲሱ ማሽን እንደ አሮጌ ሆኖ እንዲነሳ የሚያደርግ። ኢንቴል እሱን እስከ 2020 እንደሚያስቀረው የተናገረው ገና በ2017 ነው። ማለትም ምስጢር አልነበረም። ሴቲንጉን ሦስት ጊዜ ከላይ እስከ ታች በረበርኩት። የለም።

ከ40ዎቹ 6ቱ የተለየ ሞዴል ሆነው ሲኤስኤም ተገኘባቸው። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። የኤክስፒ መጫኛ መጣ፣ ፋይሎቹን ማንበብ ጀመረ፣ አነበበ፣ አነበበ፣ ከዚያ ሰማያዊው የስህተት ስክሪን። መጨረሻው ላይ 7ቢ የሚል ቁጥር አለው። ኤክስፒ ጋር የኖረ ሰው ይህችን ቁጥር ከነስሟ ያውቃታል፤ «የምነሳበትን ዲስክ አላገኘሁም» ማለቱ ነው። ዲስኩ እኮ አለ! ግን ኤንቪኤምኢ የሚባለው አዲሱ የዲስክ ዓይነት ነው፣ ስታንዳርዱ ራሱ የወጣው በ2011፣ ኤክስፒ 10 ዓመት ሊሞላው ሲል። አውልቄ የቀድሞውን ዓይነት፣ ተራ የሳታ ዲስክ ገጠምኩ። አሁንም 7ቢ። ኤክስፒ ሳታን ኤኤችሲአይ በሚባለው መንገድ ለማነጋገርም ድራይቨር፣ ማለትም ከዕቃው ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ ከውጭ ይፈልጋል። ድራይቨሩን ፈልጌ ከመጫኛው ጋር አዋሃድኩት።

አለፈ። ግማሽ ሰዓት ያህል ጌታ ነበርኩ። ባለቀለሙ ገጽ መጣ፣ ቋንቋና አገር ምረጥ አለኝ፣ «ቀጥል» የሚል ቁልፍ አሳየኝ። ማውሱን ነካሁት፣ ቀስቱ አይንቀሳቀስም። ከሥሩ ያለችው ቀይ መብራትም ጠፍታለች። ኪቦርዱም ሞቷል። አዲሶቹ ማሽኖች ያላቸው ዩኤስቢ 3 ብቻ ነው፣ ኤክስፒ ደግሞ እንኳን 3ን፣ 2ንም የለመደው ከወጣ በኋላ በመጣው የመጀመሪያ የማሻሻያ ጥቅል (ሰርቪስ ፓክ) ነው። ያቺ አሮጌዋ ክብ የኪቦርድ ሶኬት ብትኖር ጉዳዩ ባለቀ፣ እሷም የለችም። እሑድ ለሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ፣ «ቀጥል» ከሚል ቁልፍ ጋር ተፋጥጬ ተቀምጫለሁ፤ መቀጠያ የለኝም።

ዊንዶውስ 7 አይሻልም ወይ ያለኝም ነበር። የ7 መጫኛም የዩኤስቢ 3 ድራይቨር ከራሱ ጋር የለውም፣ ድጋፉም በ2020 አብቅቷል፣ ፕሮግራማችንም በሱ ላይ አይነሳም። እሱን እዚህ ላይ ልተወው።

ድራይቨሩን ለምን አታስተካክለውም ብለውኝ ነበር፣ በኮሪደር ላይ፣ እየሄዱ። ድራይቨር የሚጽፈው የዕቃው አምራች ነው፣ ዛሬ ለኤክስፒ ብሎ የሚጽፍ አምራች የለም። ያልተጻፈ ነገር አይስተካከልም። በትርፍ ጊዜያቸው አዲስ ድራይቨር ለኤክስፒ የሚያመቻቹ ጎበዞች አሉ፣ አደንቃቸዋለሁ፣ ቤቴ ባለው ማሽን ላይም ሞክሬዋለሁ። ማን እንደነካካው የማላውቀውን ድራይቨር ግን የሕዝብ መዝገብ ያለበት ኮምፒውተር ላይ አልጭንም። ይህ ጥፋት ከሆነ ሦስተኛ አድርገው ይጨምሩልኝ።

ስለዚህ በማስታወሻዬ ሦስት ጊዜ የጠየቅኩትን አደረግሁ። የባለጉዳይ ማስተናገጃ መስኮት 4ን አሮጌ ዲስክ እንዳለ ኮፒ አድርጌ አዲሱ ኮምፒውተር ላይ በቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በፕሮግራም በተሠራ የውሸት ኮምፒውተር፣ አስነሳሁት። ከሥር አዲሱ ዊንዶውስ አለ፤ ኤክስፒ የሚነሳው በሱ ውስጥ፣ ስክሪኑ ላይ በተከፈተች መስኮት ነው። የሚያየው ባዮስ የውሸት፣ ዲስኩ የውሸት፣ ኪቦርዱም የውሸት ነው፣ እሱ ግን የ2001 ዕቃ መስሎት አምኖ ይሠራል። 7ቢ እዚህም አንዴ ብቅ ብላ ነበር፣ እዚህ ግን መላ አላት። መዝገቡን ሁሉ የያዘው ዲስክ አንድ ፋይል ሆነ። ኮምፒውተሩ ቢቃጠል ፋይሉን ወስጄ ሌላው ላይ እከፍተዋለሁ። ከምዝገባ ሰርቨሩ በቀር ወደ የትም እንዳይወጣም ኔትወርኩን ዘጋሁበት።

አሮጌዎቹስ? አሮጌዎቹ ዛሬም ከነኤክስፒያቸው በቀጥታ ኢንተርኔት ላይ ናቸው፣ የተፈቀዱ ስለሆኑ። በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ዓለምን ሲያምስ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ ቀጠሮ ሰርዘዋል፣ ማይክሮሶፍትም ድጋፍ ካቆመ ከሦስት ዓመት በኋላ ለኤክስፒ መድኃኒት ለማውጣት ተገዷል። እርግጥ ያኔ ከተያዙት አብዛኞቹ ዊንዶውስ 7 ነበሩ፣ ማሻሻያው ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ያልጫኑት። ለኤክስፒ እንዲያ ያለ ምሕረት በየጊዜው ይመጣል ብዬ ግን አልጠብቅም።

መስኮት 4 እንዲህ ሆኖ ሦስት ሳምንት ሠራ። የመስኮቷ ሠራተኛ ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ዛሬ ምን ነክቶት ነው ቶሎ ቶሎ የሚከፍተው?» ከዚያ አንድ ሰው ከላይ መጣ፣ አየ፣ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ማስጠንቀቂያ። መስኮት 4 ወደ አሮጌው ኮምፒውተር እንዲመለስ ታዘዘ፣ ተመለሰ። አዲሶቹ ኮምፒውተሮች በካርቶናቸው ኮሪደር ላይ ተደርድረዋል፣ ባለጉዳይ ወረፋ ሲጠብቅ ይቀመጥባቸዋል።

«ያልተፈቀደ ሶፍትዌር» የተባለው የላይሰንስ፣ ማለትም ሶፍትዌሩን የመጠቀም ፈቃድ፣ ጉዳይ ከሆነ ጥያቄው ተገቢ ነው፣ እኔም መጀመሪያ የጠየቅኩት እሱን ነው። ሁለተኛው ማስታወሻዬ ገጽ ሁለት ላይ አለ። የኤክስፒ የድርጅት ላይሰንስ ውላችን እናንተው መዝገብ ቤት ነው፣ አውጥታችሁ ለአንድ የሕግ ሰው አሳዩት ብዬ ነበር። ማን አወጣው?

አሮጌ ሲስተም መያዛችንን አልነቅፍም። በ2015 የፓሪሱ ኦርሊ አየር ማረፊያ በረራ የተስተጓጎለበት በዊንዶውስ 3.1 የሚሠራ ሲስተም ተበላሽቶ ነው። የጃፓን መንግሥት ፍሎፒ ዲስክ የሚጠይቁ ደንቦቹን ጠርጎ የጨረሰው በ2024 ነው። ሰው ይይዛል፣ ያለውን ያውቃል፣ ያስብበታል። የእኛ ነገር ግን አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆነ። 40 ኮምፒውተር ሳይጠይቅ ያዘዘው ሰው ተመስግኗል፣ ስሙ በስብሰባ ላይ ሲጠራ እኔም አጨብጭቤያለሁ።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ደብዳቤው ከማህደሬ ይውጣ። ቨርቹዋል ማሽኑ ይፈቀድ፣ ካልተፈቀደም ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠኝ። ዘላቂ ነው አልልም፣ ፋታ ነው። በፋታው ዳታውን ከዚያ ፕሮግራም አውጥቶ ወደ አዲስ ማዛወር ይቻላል፣ እሱም በሦስተኛው ማስታወሻ ላይ አለ።

አንድ ነገር ሳልረሳ። ማስጠንቀቂያው የመጨረሻው መስመር ላይ «ከእንግዲህ ያለ ኃላፊው የጽሑፍ ፈቃድ ማንኛውንም ኮምፒውተር እንዳይነካ» ይላል። የመስኮት 2 ኮምፒውተር ከትናንት ጀምሮ ሲከፈት ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ይላል። ጆሮዬን አስጠግቼ ሰምቼዋለሁ፣ አልነካሁትም። ፈቃዱን እየጠበቅሁ ነው።