ከጥቁር ውሃ እስከ ገርባ ጉራቻ፦ የተፈጥሮ ጥበቃ ክበባችን ዓመት

የትምህርት ቤት ክበባችን ዓመት የጀመረው በአንድ የድስት ክዳን ነው። ክዳኑን እንደ ድፎ ዳቦ አራት ቦታ ከፈልነውና ሁለቱን ነጭ፣ ሁለቱን ጥቁር ቀባነው። መሃሉን በስተን ገመድ አሰርንበት። ገመዱ ላይ በየ10 ሳንቲሜትሩ ቋጠሮ አለ። እንዲሰምጥ ከስሩ ድንጋይ አንጠለጠልንበት። ሳይንቲስቶች ሴኪ ዲስክ ይሉታል፤ ልጆቹ ግን እስከ ሰኔ ድረስ "ክዳኑ" እንዳሉት ቀሩ። አጠቃቀሙ ቀላል ነው። ቀስ እያሉ ውሃ ውስጥ ይለቁታል፤ ከዓይን ሲሰወር ቋጠሮውን ይቆጥራሉ። ቶሎ ከተሰወረ ውሃው ደፍርሷል ማለት ነው።

ጥቅምት ላይ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ ፍቅር ሐይቅ ከሚባለው ቦታ ጀልባ ተከራይተን ሞከርነው። መሃል ላይ ክዳኑ ወረደ፣ ወረደ፣ ቆይቶ ጠፋ። ጥቁር ውሃ ወንዝ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ በሚገባበት በኩል ግን ገና ሳንለቀው ነው የጠፋው። አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ እጁን ውሃው ውስጥ ከትቶ እያየ "ይሄ ሁሉ አፈር ከየት ነው የመጣው?" አለ። የዓመቱ ሥራችን በሙሉ የወጣው ከዚህ ጥያቄ ነው።

ጥያቄው ከባድ ነው። ጥቁር ውሃ ወደ ሐይቃችን ይገባል፤ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ወንዙ ያመጣው ደለል እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ወንዙን ወደ ላይ ተከተልነውና ጨለለቃ ደረስን። የድሮ ካርታ ላይ ጨለለቃ ሐይቅ ነው። እኛ ያየነው ረግረግና ከብት የሚግጥበት ሜዳ ነው። ከተራቆተው ተዳፋት የወረደ አፈር ሞልቶታል። ልጆቹ ካርታውን ሣሩ ላይ ዘርግተው፣ የቆሙበትን ቦታ በጣታቸው ሲፈልጉ አይረሳኝም። በካርታው መሠረት ውሃ ውስጥ ነበሩ።

ከዚያ ወንዶ ገነት ወጣን። ፍል ውሃውን ሁሉም ያውቀዋል፤ አልፈዋለሁ። እኛ የሄድነው ጅረቶቹን ለማየት ነው። ከጫካው ስር ሲወጣ ኩልል ያለው ውሃ፣ እርሻውን አቋርጦ ታች ሲደርስ ሌላ መልክ ይዟል። አንዱን ጅረት ላይም ታችም በብርጭቆ ቀድተን ጎን ለጎን አቆምነው። ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ባሌ የመሄዱ ሐሳብ የመጣው ያን ቀን ማታ ነው። የጠፋ ሐይቅ አሳይቼ ልጆቹን እዚያ ላይ መተው አልቻልኩም። ውሃውን ገና ይዞ ያለ ተራራ በዓይናቸው እንዲያዩ ፈለግሁ። ወላጆች ብርዱን ፈርተው ነበር። ሁለት ጊዜ ተሰብስበን ተወያየን፤ በመጨረሻ መዋጮውንም ጋቢውንም በሶውንም እነሱ አሟሉ። ኅዳር መጨረሻ ላይ 24 ተማሪዎችና 3 መምህራን በአንድ ኮስተር ተነሣን። ሻሸመኔን፣ ዶዶላን፣ አዳባን አልፈን ማታ ላይ ዲንሾ ገባን። ኅዳርን የመረጥነው ዝናቡ ገና ማቆሙ ስለሆነ ነው። ፏፏቴውም ሙሉ ነው፤ ተራራው ላይ ያሉት ትንንሽ ኩሬዎችም አልደረቁም።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ስፋቱ 2,150 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መስከረም 2016 ላይ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ዲንሾ ላይ ማለዳ ከመኝታችን ስንወጣ የደጋ አጋዘን ጽዱ ስር ቆሞ ያየን ነበር። ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የማይገኝ እንስሳ ነው። ሃያ አራት ጎረምሳና ኮረዳ ያለ ማንም ተቆጪ ዝም ያለው ያኔ ብቻ ነው።

በነጋታው የፓርኩ ጠባቂ፣ ስካውቱ፣ እየመራን በወይብ ወንዝ ሸለቆ ወደ ፊንጫ ሀበራ ፏፏቴ ሄድን። ፏፏቴው ከመታየቱ በፊት ይሰማል። ውሃው ከጥቁሩ ገደል ተወርውሮ ታች ካለው ገንዳ ይገባል። እዚያ ይሽከረከርና ረጋ ብሎ በድንጋዮቹ መሃል ይወጣል። ሐይቅ ዳር ያደጉ ልጆች ናቸውና ጫማ ለማውለቅ ጊዜ አላጠፉም። ግን ጣት የሚቆርጥ ውሃ ነው። እስከ ሃያ እስኪቆጠር እግሩን ውሃው ውስጥ ያቆየ አላየሁም። ክዳኑን ከገንዳው ዳር፣ ውሃው ከረጋበት በኩል ለቀቅነው። የገንዳው ወለል ላይ አረፈ። ነጩም ጥቁሩም እንደታየ ነው፤ የሚቆጠር ቋጠሮ አልነበረም።

ለኔ ግን የቀኑ ትልቁ ነገር መንገድ ላይ የሆነው ነው። ስካውቱ ቁጢጥ ብሎ መዳፉን ድንጋይ የሸፈነ ሽበት (ሞስ የሚባለው ለስላሳ ተክል) ላይ አሳረፈ። ቀስ ብሎ ተጫነው። በጣቶቹ መሃል ውሃ ሞላ። እጁን ሲያነሣ ሽበቱ ተመልሶ አበጠ። "ይሄ ነው ተራራው" አለ። አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ እሷም መዳፏን አስቀመጠች፤ ከዚያ ሁሉም ተራ በተራ። ሽበቱ፣ ሣሩ፣ አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ፣ ጥቁሩ አፈር ዝናቡን እንደ ስፖንጅ ይመጡትና በበጋ ትንሽ በትንሽ ይለቁታል። ከባሌ ተራሮች የሚወርደው ውሃ በኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኬንያ ወደ 12 ሚሊዮን ለሚጠጋ ሕዝብ ይደርሳል ይባላል። ወይብ ራሱ በሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ ሰርስሮ፣ ቆላውን አቋርጦ፣ ከገናሌ ተቀላቅሎ ነው ወደ ሶማሊያ የሚዘልቀው። የኛ ወንዝ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል፤ ይሄኛው አገር ያቋርጣል። አስታው በእሳት ሲቃጠልና ሣሩ ከልክ በላይ ሲጋጥ የሚጎዳው ያ መዳፍ የተጫነው ነገር ነው። ይህን ልጆቹ ከደብተር አይደለም የተማሩት።

እዚያው ፊንጫ ሀበራ ሰዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት የኖሩበት የድንጋይ ጥግ አለ። ተመራማሪዎች በ2019 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው ያሳወቁት። ያኔ ከላይ ያለው ተራራ በረዶ ለብሶ ነበር። ሰዎቹ ትልቁን የባሌ ፍልፈል ጠብሰው ይበሉ ነበር። ከበረዶው የቀለጠውን ውሃ ይጠጡ ነበር። በረዶን ከፍሪጅ ሌላ የማያውቁ ልጆቻችን ይህን ደጋግመው ጠየቁኝ።

ጎባ ከተማ አድረን ሳነቲ አምባ ላይ ወጣን። ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ጅብራው እንደ ሰው ቆሞ ይጠብቃል። በየጎድጓዳው የተኛ ኩሬ አለ፤ ጠርዙ ላይ የሌሊቱ ውርጭ እንደ መስታወት ስስ ሆኖ ይታያል። ከመንገዱ ብዙም ሳይርቅ ቀይ ቀበሮ ፍልፈል ጉድጓድ ላይ ጆሮዋን ቀስራ ቆማ አየናት። በዓለም የቀሩት 500 ያህል ናቸው፤ ከግማሽ በላዩ እዚህ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን የምጽፈው ከተማሪዎቼ ማስታወሻ ነው። ገርባ ጉራቻ የሚባለውን የተራራ ሐይቅ እኔ አላየሁትም። ጥቅምት ላይ ስለ አፈሩ የጠየቀው ልጅ ከጠዋት ጀምሮ ራሱን ሲያመው ደብቆኝ ነበር። ይተውኛል ብሎ ፈርቶ ነው። ሳነቲ ላይ አስታወከ፣ ከንፈሩም ነጣ። ከፍታ የሚያመጣው ሕመም መድኃኒቱ መውረድ ነው። ሌሎቹን ከሁለቱ ባልደረቦቼና ከስካውቱ ጋር ትቼ፣ እሱን ይዤ በኮስተሩ ወደ ጎባ ወረድኩ። ጎባ ደርሰን ሻይ ስንጠጣ ፊቱ ተመለሰ። ከዚያ አለቀሰ። እኔም አጽናናሁት ልል አልችልም፤ አብሬው ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

የሄዱት እንዲህ ጽፈዋል። ገርባ ጉራቻ በኦሮምኛ ጥቁር ሐይቅ ማለት ነው። 3,950 ሜትር ላይ፣ ገደል በከበበው ጎድጓዳ ውስጥ ይገኛል፤ ጎድጓዳውን የቆፈረው የድሮው ግግር በረዶ ነው። ከሐይቁ ወለል ተቆፍሮ የወጣው ጭቃ ከ16,000 ዓመት በላይ የሆነውን የአየር ንብረትና የዕፅዋት ታሪክ ይናገራል። ከላይ ሲያዩት ጥቁር፣ ደመናው ሲገለጥ አረንጓዴ ነበር። አንዷ እንዲህ ብላለች፦ "ጥቁር ውሃም ጥቁር ነው፣ ይሄም ጥቁር ነው። የኛው ግን በአፈር ነው፤ የዚህኛው በጥላ ነው።" ይህን አረፍተ ነገር ሳነብ ጉዞው ለኔም ደረሰኝ።

የሁለተኛው ሴሚስተር ሥራ ከጉዞው ይልቅ ዝም ያለ ነው። ጥቁር ውሃ ዳር ሳር ተከልን። የችግኝ ሥራው ለክረምቱ ተላልፏል። የክዳኑ ልኬት በየሳምንቱ ቀጥሏል። መዝገቡን የያዘው ያ የታመመው ልጅ ነው። ራሱ ነው የጠየቀኝ። አንድም ቅዳሜ አልቀረም፤ ደብተሩ ቤተ ሙከራው ውስጥ ከክዳኑ ጎን ተሰቅሏል። ማየት የሚፈልግ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ይምጣ።

ልጁ መስከረም ላይ 11ኛ ክፍል ይገባል። ኅዳር ላይ እንደገና እንወጣለን። በዚህ ጊዜ ጎባ ሁለት ሌሊት አድረን፣ ቀስ ብለን ነው።