ይድረስ ለአባቴ፣ ከጎንደር

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከናፍቆትዎ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጎንደር ከገባሁ ሳምንት ሆነኝ፤ በወጣትነትዎ የተመላለሱባቸውን መንገዶች ስፈልግ ሰነበትሁ።

በልጅነቴ ስለ ከተማዋ በጠየቅሁዎ ቁጥር «የአርባ አራቱ ታቦት አገር» ብለው ይጀምሩልኝ ነበር። አፄ ሱስንዮስ በ1624 ዓ.ም. የካቶሊክ እምነት እንዲቀር አውጀው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ከለቀቁ በኋላ፣ በ1628 ዓ.ም. የተቆረቆረችው ጎንደር ቤተ መንግሥቷና አብያተ ክርስቲያናቷ አብረው ያደጉባት ናትና አነጋገርዎ እውነት ነው። በደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያውን ሞልተው ቁልቁል የሚያዩትን መላእክት ቀና ብዬ ስመለከት፣ በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ከተማዋን ሲያቃጥሉ ይህን ደብር ንብ ጠበቀው እያሉ የነገሩኝ ትዝ አለኝ። በበዓታም የአቋቋም ተማሪዎች መቋሚያቸውን ይዘው ሲወርቡ ቆሜ አደመጥሁ፤ በ1859 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ከተማዋን ካቃጠሉና ካዘረፉ በኋላ ይህ ትምህርት ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ሲተላለፍ መኖሩ እጅግ ይደንቀኛል።

ነገር ግን አባቴ፣ አርባ አራት የሚለው ቁጥር የማይቆጥራቸው ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤላውያን ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ። ያኔ እስላም ቤት የተባለው ሠፈር ዛሬ አዲስ ዓለም የምንለው ነው፤ የከተማዋን የሩቅ ንግድ በአብዛኛው የያዙትም የዚያ ሠፈር ነጋዴዎች ነበሩ። ቤተ እስራኤላውያን ደግሞ ለነገሥታቱ ግንብ በግንበኝነትና በአናጢነት ሠርተዋል፤ ለገበሬውም ማረሻውን ቀጥቅጠዋል። በሠፈር የተለየው ሕዝብ በኑሮ አንዱ ያለ አንዱ መዋል እንዳልቻለ ሳስብ፣ ውሳኔው ያሳዝነኛል።

ትናንት በከተማዋ አቅራቢያ ወዳለችው፣ የቤተ እስራኤላውያን መንደር ወደነበረችው ወደ ወለቃ ሄድሁ። ነዋሪዎቿ አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄደዋል፤ ብዙዎቹም በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የተወሰዱ ናቸው። ቤተ እስራኤላውያን የጸሎት ቤታቸውን «መስጊድ» ይሉት እንደነበር የሰማሁት በቅርቡ ነው፤ ሁለቱ የተለዩ ማኅበረሰቦች ለጸሎት ቤታቸው በአንድ ስም መጠቀማቸውን ቀድሞ ባውቅ ኖሮ ብዙ በጠየቅሁዎ ነበር።

እዚያ ቆሜ ያሰብሁት ግን እርስዎ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ድምፅዎን ዝቅ አድርገው የነገሩኝን ነው። አያቴ ምጣዱንም ጀበናውንም ከአንዲት የወለቃ ሸክላ ሠሪ ይገዙ ነበር፤ «ቡዳ ናት» ስለሚባል ግን ሴትዮዋን ከደጃፍ አያሳልፏትም ነበር። እርስዎም ልጅ ሳሉ ውኃ በቅል ይዘው እስከ አጥሩ ወጥተው ይሰጧት እንደነበር ነግረውኛል። ያን ጊዜ ስሟን አልጠየቅሁዎም። አሁን ልጠይቅዎ፤ ማን ትባል ነበር? ልጆችስ ነበሯት? እጅዎ ለመጻፍ የሚደክም ከሆነ ለእኅቴ ይንገሯት፣ እርሷ ትጽፍልኛለች።

ናፋቂ ልጅዎ