ስለ አማልፊው የባሕር ጉዞ፦ ጀልባውን ከመያዛችን በፊት

ውድ አባላት፣

ለመስከረሙ የጣሊያን ጉዞ ውል ከመፈረማችን በፊት ስለ ገንዘቡ በግልጽ እንነጋገር። በማስታወቂያ ላይ የምታዩት ሳምንታዊ ዋጋ የጀልባውንና የመርከበኞቹን ኪራይ ብቻ የያዘ ነው። ነዳጅ፣ ምግብ፣ መጠጥና የወደብ ክፍያ የሚሸፈኑት በካፒቴኑ እጅ አስቀድሞ ከሚቀመጥ ገንዘብ ነው፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ የኪራዩን ከ25 እስከ 35 በመቶ ይሆናል። ካፒቴኑ በደረሰኝ ያወራርዳል፣ የተረፈው ይመለስልናል። ግብር እና ለመርከበኞቹ የሚሰጥ ጉርሻ ለብቻቸው ናቸው። ስለዚህ አቅማችሁን ስትመዝኑ ጠቅላላ ድምሩን አስቡ፤ መሐል ላይ ማንም እንዲሳቀቅ አልፈልግም።

እንዲህ ያሉ ጀልባዎች በአብዛኛው ከ12 እንግዳ በላይ አይጭኑም፤ ቁጥራችን በዚሁ ይወሰናል።

ከኔፕልስ ተነስተን በፕሮቺዳ ደሴት በኩል ወደ ካፕሪ ደሴት፣ ከዚያም ወደ ባሕር ዳር ከተሞቹ ፖዚታኖና አማልፊ እንሄዳለን። ፖዚታኖ ትልቅ ጀልባ የሚጠጋበት ወደብ ስለሌላት ራቅ ብለን መልሕቅ ጥለን በትንሽ ጀልባ እንወርዳለን፤ እናቶቻችሁን ይዛችሁ የምትመጡ ይህን አስቡበት። ገደሉ ላይ የተደራረቡት ቤቶችና ከመሐላቸው ብቅ የሚለው የሳንታ ማሪያ አሱንታ ቤተ ክርስቲያን ባለ ቀለም ጉልላት ሙሉ ውበታቸው የሚታየው ግን ከባሕሩ ነው። የካፕሪ ሰማያዊ ዋሻ መግቢያ ከፍታው አንድ ሜትር ገደማ ብቻ በመሆኑ ታንኳ ውስጥ ተጋድሞ ይገባል፤ ማዕበል ሲኖር ስለሚዘጋ ቀኑን አልቆረጥንም።

ረቡዕና ዓርብ የምትጾሙ፣ የማይስማማችሁም ምግብ ያለ፣ ለምግብ አብሳዩ እንድናሳውቅ እስከ እሑድ ጻፉልኝ። ሻንጣችሁ የሚታጠፍ የጨርቅ ይሁን፤ ለደረቅ ሻንጣ ማስቀመጫ ቦታ የለም።