ለልጄ፦ ደላላው ሲደውልልሽ

ሰብልዬ፣ እንዴት ነሽልኝ? የየካ አባዶውን ኮንዶሚኒየም ራስሽ ልታከራዪው መወሰንሽን ስሰማ ደስ አለኝ። የግቢውን ሰርቪስ ክፍሎችም ቀስ በቀስ ብትረከቢኝ እወዳለሁ፣ እኔ ከእንግዲህ ጣራ የሚያይ ሰው ፍለጋ መሮጥ አቅቶኛል። በስልክ ሁሉን መጨረስ ስለማይቻል ነው የምጽፍልሽ።

ከሁሉ በፊት ይቺን ያዢልኝ። የኪራይ ቤት የሚያተርፈው ጥሩ ተከራይ ሲቆይበት ነው። ሌላው ምክሬ ሁሉ ከዚህ የሚመጣ ነው።

ደላላን ክፉ ነው አልልሽም፣ እንጀራው ነው። ግን እሱ ገንዘብ የሚያገኘው ሰው ሲገባና ሲወጣ ነው። ስለዚህ ተከራይሽ ዓመት ሳይሞላው ይደውልልሻል። «እህቴ፣ አንድ ሺህ ብር የሚጨምር ሰው አግኝቻለሁ» ይልሻል። ያኔ ቁጭ ብለሽ አስቢው። በ15 ሺህ ብር ያከራየሽውን ቤት በ16 ሺህ ብታደርጊው በዓመት የሚጨምርልሽ 12 ሺህ ብር ነው። ቤቱ ሰው አጥቶ አንድ ወር ከተዘጋ ግን 15 ሺህ ብር ሄደ። ቀለሙ፣ ኮሚሽኑ፣ ዕቃ ሲወጣ የሚሰነጠቀው ሴራሚክ ገና አልተቆጠረም።

ደግሞስ ሕጉ መች ይፈቅድልሻል? የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ ወዲህ ነገሩ ተለውጧል። ውል በጽሑፍ ነው፣ ከሁለት ዓመት አያንስም፣ በ30 ቀን ውስጥም ይመዘገባል። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ መቀበል አትችዪም። ኪራዩ የሚከፈለው በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ጭማሪም ቢሆን መንግሥት በዓመት አንድ ጊዜ በሚያወጣው ልክ እንጂ እንዳሻሽ አይደለም። ብዙ አከራይ በዚህ አዋጅ ያማርራል። እኔ ግን ለአንቺም ይጠቅምሻል ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም ሁለት ዓመት እንደሚኖርበት ያወቀ ሰው መጋረጃ ይሰቅላል፣ ልጁን እዚያው ሰፈር ትምህርት ቤት ያስገባል፣ ቤቱንም እንደ ራሱ ይይዘዋል።

አሁን ደግሞ አጥብቄ የምነግርሽ ነገር አለ። «ውሉ ላይ ዋጋውን ዝቅ አድርገን እንጻፈው፣ ግብር ይቀንስልሻል» የሚልሽ ሰው አይጠፋም። እንዳትሰሚው! ግብር መሸሹ ትክክል አለመሆኑ አንድ ነገር ነው። ተከራዩ መክፈል አቁሞ ፍርድ ቤት ብትሄጂስ? ዳኛው የሚያየው የፈረምሽውን ወረቀት ነው። 15 ሺህ ተስማምተሽ 6 ሺህ ከጻፍሽ የምትጠይቂው 6 ሺህ ነው። ባንክ የሚገባው ገንዘብም ከውሉ ጋር አይገጥምም፣ ያ ደግሞ ሌላ ጣጣ ያመጣብሻል። እውነተኛውን ጻፊ፣ ለግብሩ ከየወሩ ኪራይ እየቆረጥሽ ለብቻ አስቀምጪ። ሐምሌ ሲመጣ አትደነግጪም።

ተከራይ ስትመርጪ ብሔሩን፣ ሃይማኖቱን፣ የልጆቹን ብዛት አትጠይቂ። ነውር ነው፣ ስለሰውየው አከፋፈልም ምንም አይነግርሽም። የት እንደሚሠራ ጠይቂ፣ መታወቂያውን እይ፣ ከተቻለ የቀድሞ አከራዩን በስልክ አናግሪ። «ለምን ለቀቀ?» የምትል አንዲት ጥያቄ ብዙ ታወጣለች።

ቁልፍ ከመስጠትሽ በፊት አብራችሁ ክፍል በክፍል ዙሩ። በስልክሽ ቪዲዮ ቅረጪ፦ ግድግዳውን፣ የሽንት ቤቱን መቀመጫ፣ የበሩን ቁልፍ፣ የውሃና የመብራት ቆጣሪውን ቁጥር። ለእሱም ላኪለት። ሲወጣ «ስገባም ተሰብሮ ነበር» «የለም ደህና ነበር» የሚባል ጭቅጭቅ አይኖርም። የጥበቃና የጽዳት መዋጮ ማን እንደሚከፍልም ውሉ ላይ ይግባ። ተከራዩ ባይከፍል የሕንፃው ማኅበር የሚይዘው ባለቤቷን አንቺን ነው።

የግቢው ክፍሎች ላይ የሚያሳስበኝ መብራቱ ነው። አንድ የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይስባል፣ በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ገደማ ማለት ነው። ለአምፖል በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ ምጣድ ከተሰካ ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ይግላል፣ ሶኬቱ ይጠቁራል፣ ቀጥሎ እሳት ነው። ስለዚህ ለምጣድ ከማከፋፈያው ለብቻው የሚመጣ ወፍራም ሽቦና የራሱ ብሬከር ይኑር። ተከራይ «ሶኬቱ ይሸታል» ካለሽ ነገ አትበይ፣ የዚያኑ ዕለት ኤሌክትሪሺያን ላኪ። መስኮቶቹም የሚከፈቱ ይሁኑ። ክረምት ሲገባ ሰው ከሰል ክፍል ውስጥ ያስገባል፣ በሩ ተዘግቶ ከተተኛ ደግሞ ጭሱ የሌለው ከሰል ሳይቀር ይገድላል። ይህን ለሚገባ ሰው ሁሉ በአፍሽ ንገሪው።

የሚያንጠባጥብ ቧንቧና የሚያፈስ ጣራ ላይ አትሰስቺ። ሚያዝያ ላይ በአንድ ሚስማር ያልተጠገነ ጣራ ነሐሴ ላይ ኮርኒስ ያስቀይርሻል። ለጥገና ከየወሩ ትንሽ ትንሽ አስቀምጪ፣ ባይነካ እሰየው።

ደግሞ ሰዉን አክብሪ። አንቺ ሳትወለጂ እኔና አባትሽ በተከራየንበት ቤት አከራይዋ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ መብራቱን ከማከፋፈያው ታጠፋብን ነበር። እንግዳ ሲመጣብን ውሃ አለቀ ትላለች። ኪራያችንን አንድ ቀን አሳልፈን አናውቅም። ያን ጊዜ የተሰማኝን አንቺ ቤት ውስጥ ማንም እንዲሰማው አልፈልግም። ቁልፍ ቢኖርሽም ሳትደውዪ አትግቢ። ልብስ የሚታጠብበትን ቀን አትወስኚ። ኪራይ ከዘገየ መጀመሪያ «ሰላም ነው?» ብለሽ ጠይቂ፣ የታመመ ወይም ደመወዝ የዘገየበት ሰው ይኖራል። ከደጋገመው ግን በጽሑፍ አስጠንቅቂው፣ በቃል ያስጠነቀቅሽውን በኋላ ማስረዳት ይከብድሻል። ዕቃ ማውጣት፣ በር ላይ ቁልፍ መቀየር የሚባል ነገር እንዳይታሰብሽ፣ በገዛ ቤትሽ ተከሳሽ ትሆኛለሽ።

ውሉን ጽፈሽ ስትጨርሺ ከመፈረምሽ በፊት በቴሌግራም ላኪልኝ፣ ከአባትሽ ጋር እናየዋለን። ለወረዳ ምዝገባ የቤቱ ሰነድ ኮፒ ያስፈልግሽ ይሆናል። ዋናው እኔ ጋ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፣ ቅዳሜ መጥተሽ ውሰጂው።

እናትሽ