የሙዚቃ ክበብ፦ ጡጫና ክፍተት

ዘንድሮ ክበቡ ብዙ ዘፈን አላጠናም። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት በአንድ ዘፈን አለቀ፤ «አይ ኦፍ ዘ ታይገር»። ለፊልም የሚጻፍ ፖፕ ሮክ ከምስሉ ጋር እንዴት እንደሚተሳሰር ለማሳየት የተሻለ ማስተማሪያ አላገኘንም።

ሲልቬስተር ስታሎን የቦክሰኛውን ፊልም «ሮኪ 3»ን ሲያዘጋጅ መጀመሪያ የተጠቀመው የእንግሊዙን ሮክ ባንድ የኩዊንን ዘፈን ነበር። ፈቃድ ሳያገኝ ሲቀር ጂም ፒተሪክንና ፍራንኪ ሱሊቫንን አዲስ ጻፉልኝ አላቸው። እነሱም የጊታሩን ምት ስክሪኑ ላይ ከሚያርፈው ጡጫ ጋር አገጣጠሙት። በ1982 እ.ኤ.አ. በእነሱው ባንድ በሰርቫይቨር ተጫውቶ በአሜሪካ የዘፈን ደረጃ ሰንጠረዥ 6 ሳምንት አንደኛ ሆነ።

ቁልፉ (ዘፈኑ የቆመበት የድምፅ መሰላል) ሲ ማይነር፣ ፍጥነቱ በደቂቃ 109 ምት ገደማ ነው። አንደኛው ጊታር ክሩን በመዳፍ ጠርዝ ብሪጁ (ክሩ በጊታሩ አካል ላይ የሚያርፍበት ድጋፍ) አጠገብ አፍኖ የሲን ድምፅ ያለማቋረጥ በአሥራ ስድስተኛ ኖታ፣ ማለትም በአንድ ምት አራት ጊዜ፣ ይነዳል። ሁለተኛው ጊታር፣ ፒያኖ፣ ቤዝና ድራም ምቱን አብረው ይጥላሉ፦ ሲ፤ ከዚያ ሲ፣ ቢ ፍላት፣ ሲ፤ በመጨረሻ ወደ ኤ ፍላት። ጊታሩ የኮርዱን (አብረው የሚሰሙ ድምፆች) ሥርና አምስተኛ ድምፅ ብቻ ይያዝ፤ ዲስቶርሽን (ድምፁን የሚያሻክር ኤፌክት) ላይ ሦስተኛው ድምፅ ሲጨመር ይደፈርሳል።

ምቱን ሁሉም በአንድ ቀን ለመዱት። ያስቸገረው በምቶቹ መካከል ያለው የዝምታ ክፍተት ነው። ዝም ያለ እጅ ይቸኩላል፤ ጊታሪስቱ ቀድሞ ይገባል፣ ድራሙ ይከተለዋል፣ ፍጥነቱ ሳይታወቅ 115 ይደርሳል። መፍትሔው በክፍተቱም ቀኝ እጅን በአየር ላይ ማወዛወዝ ነው፤ ግራ እጅ ክሩን ያፍናል። ምት ቆጣሪው ሜትሮኖም ብቻውን አላዳነንም።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ለድራማ ክበቡ አጭር ፊልም የራሳችንን ዘፈን ሠራን፤ በትዝታ ማይነር፦ ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ ፍላት። ሲ ማይነርና ኤ ፍላት ኮርዶች ሙሉ በሙሉ ቅኝቱ ውስጥ ስላሉ በሁለቱ ብቻ ሄድን። ከቅኝቱ ውጭ የሆነውን ቢ ፍላትን የሞከሩ ነበሩ፤ ቅኝቱ ወዲያው ጠፋ።

ፍጥነቱን 120 ያደረግነው በሒሳብ ነው። በሰከንድ 30 ፍሬም (ነጠላ ምስል) በሚቀረጽ ቪዲዮ አንድ ምት ልክ 15 ፍሬም ይሆናል፤ በ109 ግን 16 ተኩል ገደማ ስለሚመጣ ቪዲዮ ቆራጩ ምቱን በትክክል አያገኘውም። ይህም ሆኖ መጀመሪያ ላይ ዘፈኑ ከምስሉ እየራቀ ሄደ፤ ስልክ ሲቀርጽ የፍሬሙ ቁጥር ከፍ ዝቅ ይላል። ቪዲዮውን አስቀድሞ ወደ ቋሚ 30 ፍሬም መቀየር፣ ዘፈኑን ከዚያ በኋላ መጫን ነው። ተዋንያኑ በሚነጋገሩበት ቦታ ድምፃዊውና ጊታሩ ወጥተው ቤዝና ድራም ብቻ ቀርተዋል፤ ጊታሪስቶቹ እስካሁን አኩርፈዋል።