ከአርሊንግተን ወደ ድሬዳዋ

ውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ፣ ልጆቹ፣ እማማስ ደህና ናቸው? እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። ዝምታዬን በሥራ ብዛት ባመካኝ አንተ ዳኛ ነህ፣ አትቀበለኝም። እውነቱን ለመናገር ሥራዬን ለሰው ማስረዳት እየታከተኝ ሄዷል። ለቅሶ ቤት ስገባ ወሬ የሚቀይሩ አሉ፤ ሽጉጥ ታጥቄ የምዞር ይመስላቸዋል።

ያለሁት ዲኢኤ በሚባለው የአሜሪካ የአደንዛዥ ዕፅ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የሕግ ክፍል ነው። ሽጉጥ የለኝም፣ በር አልሰብርም። ክሱንም የሚከራከሩት ዐቃቤ ሕጎቹ ናቸው፤ እኔ መርማሪዎቹን ነው የማማክረው። ሌሊት ስልኬ ይጮኻል። «መኪናውን አስቁመነዋል፣ ዕፅ አነፍናፊው ውሻ እስኪመጣ ብናቆየው?» ይሉኛል። የትራፊክ ጉዳዩ ካለቀና ሌላ በቂ ጥርጣሬ ከሌላችሁ ልቀቁት እላለሁ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 እንዲህ ብሎ ወስኗል፤ ለውሻ ሲባል ጥቂት ደቂቃ እንኳ አይጨመርም።

ስልክ መጥለፍ ሲፈልጉ ደግሞ ይብሳል። ሌላው የምርመራ ዘዴ ለምን እንዳልሠራ ወይም እንደማያዋጣ በመሐላ ማስረዳት፣ ከፍትሕ ሚኒስቴር ፈቃድ ማግኘት፣ ከዚያ ዳኛ ፊት መቅረብ አለ። ዳኛው በአንድ ጊዜ የሚፈቅደው ቢበዛ 30 ቀን ነው። ሰውዬው ከእናቱ ጋር ስለ ጉልበቷ ሕመም ካወራ ማዳመጣቸውን ማቆም አለባቸው። ምክሬ ከሠራ ደግሞ ምንም አይፈጠርም፤ ምኑ ይወራል?

አሁን ወደምትስቅበት ልምጣ። ጫት ሲያዝ የሚደወለው ለእኔ ነው፣ ሐበሻ ስለሆንኩ። (ኮኬይን ሲያዝ ኮሎምቢያዊ ጠበቃ ሲፈለግ አላየሁም።) አወዳይ ላይ በመኪና ተጭኖ ዶላር የሚያመጣላችሁ ቅጠል፣ እዚህ በውስጡ ባለው ካቲኖን በሚባል አነቃቂ ንጥረ ነገር የተነሳ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በሕጉ የዕፆች ዝርዝር ከሄሮይን ጋር አንደኛው፣ ጥብቁ መደብ ላይ ተቀምጧል። ቅጠሉ እየጠወለገ ሲሄድ ካቲኖኑ ይቀንስና ካቲን ወደሚባለው ይለወጣል፤ እሱ አራተኛው መደብ ነው፣ ቅጣቱም ይቀላል። ስለዚህ ገና ሲይዙት ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገቡትና ቶሎ ወደ ላቦራቶሪ ላኩት እላቸዋለሁ። የዋለ ጫት ዋጋ እንደሚያጣ ስድስት ኪሎ ማንም አላስተማረንም፤ ድሬ የመጣሁ ጊዜ አንተ ነህ ያሳየኸኝ።

ከባዱ ጫቱን ያመጣውን ሰው ሐሳብ፣ ማለትም አውቆ ማድረጉን፣ ማስረዳት ነው። የሕጉ ዝርዝር ላይ የተጻፈው ካቲኖን ነው እንጂ ጫት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 ሲንሲናቲ ያለው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የአንድ ሶማሊያዊን የጥፋተኝነት ውሳኔ ሽሯል፤ ያመጣው ቅጠል የተከለከለ ንጥረ ነገር እንዳለበት ማወቁ አልተረጋገጠም ብሎ። መርማሪዎቹ «ያውቅ ነበር» ሲሉኝ፣ በምን አወቃችሁ? እላለሁ። ካርቶኑ ላይ ሻይ ቅጠል ብሎ ጽፎ ከሆነ ጥሩ፣ መደበቁ ያስረዳል። «ከኢትዮጵያ የመጣ ሰው ነው፣ እንዴት አያውቅም» የሚለው ግን ማስረጃ አይሆንም፤ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ካየሁ አሰርዛለሁ። ለአገሬ ልጅ አድልቼ እንዳይመስልህ። ሻይ ቅጠል ብሎ የላከው ሰው ይከሰስ ብዬ መክሬ አውቃለሁ፣ ያን ለታም እንቅልፍ አላጣሁም። ሕጉ ቅጠሉን ከሄሮይን ጋር ማስቀመጡ ትክክል ነው ወይ ካልከኝ፣ አይመስለኝም። ግን ያንን የመወሰን ሥልጣን የእኔ አይደለም።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 26 ላይ ቤትም ሆነ ሰው ያለ ሕግ እንዳይፈተሽ ይከለክላል። እዚህ ፍተሻው ሕገ ወጥ ከሆነ ዕቃው ኩንታል ቢሞላም ብዙ ጊዜ ከክሱ ይወጣል፤ መርማሪዎቹን በእኩለ ሌሊት የሚያስደውላቸውም ይኸው ፍርሃት ነው። አንተ ችሎት ላይ ፖሊሱ ያለ ማዘዣ በርብሮ ያገኘው ዕፅ ሲቀርብልህ ምን ታደርጋለህ? ትጥለዋለህ ወይስ ፖሊሱን ገሥጸህ ማስረጃውን ትቀበላለህ? ረዘም አድርገህ ጻፍልኝ።

ለእማማ ጉልበታቸውን ስሜያለሁ በልልኝ።

ያንተው