የራዲያተር ግፊት መፈተሻ ስንገዛ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባሕር ዳር ጋራዥ ውስጥ የምሠራ መካኒክ ስሆን፣ የዓባይን በረሃ ወደ ደጀን ሲወጡ ሞተራቸው የጋለባቸው መኪኖች በየጊዜው ይመጡልናል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ በክፍት ድስት የተጣደ ውሃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ግፊት ውሃው የሚፈላበትን ሙቀት ከፍ ስለሚያደርግ፣ ግፊት የማይይዝ ራዲያተር እዚህ ቶሎ የሚያስቸግረውም ለዚህ ነው።

ባለፈው ዓመት በርካሽ በገዛነው መፈተሻ ፓምፕ፣ ማለትም በራዲያተሩ ክዳን ቦታ ተገጥሞ አየር እየሞላ ፍሳሽ መኖሩን በሚያሳይ መሣሪያ፣ አንድ መኪና ስንሞክር የግፊት መለኪያው (ጌጁ) ቀስት ግፊት እንደሚያመልጥ እያሳየ ቁልቁል ወረደ፤ ማኒኮቶ (የራዲያተር ውሃ ጎማ) ቀየርን፣ ራዲያተር አወረድን፣ ቀስቱ ግን አሁንም አልቆመም። በመጨረሻ የሳሙና ውሃ ብንቀባ አረፋው የወጣው ከራሱ ከመፈተሻው ማገናኛ ጎማ ሥር ነበር። ባለንብረቱ ለማያስፈልግ ሥራ መክፈሉ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ስለዚህ የሙያ ባልደረቦቼ ከመግዛታቸው በፊት ሻጩ ፊት የመፈተሻውን አፍ ደፍነው፣ እስከ 1 ባር ሞልተው፣ ቀስቱ ለ10 ደቂቃ ንቅንቅ አለማለቱን እንዲያዩ፣ የጌጁ ቁጥሮች ከ0 እስከ 2 ባር ጎልተው የሚነበቡና ማገናኛዎቹም ለሚሠሩባቸው መኪኖች ልክ መሆናቸውን እንዲያረጋግጡ አደራ እላለሁ። ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ የራዲያተር ክዳን አይከፈትም፤ መኪናው ሲፈተሽ የሚሞላው ግፊትም ክዳኑ ላይ ከተጻፈው፣ ብዙ ጊዜ 0.9 ወይም 1.1 ባር ነው፣ ማለፍ የለበትም። ክዳኑ ራሱም መፈተሽ አለበት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ መካኒክ፣ ከባሕር ዳር